በየካቲት 2015 የጫንኩት ቪፒኤን

ባለፈው እሑድ ሐዋሳ፣ አክስቴ ቤት ቡና እየተፈላ ሳለ፣ አክስቴ «ይህ ስልክ ጥቅሉን ምን እያደረገው ነው የሚጨርሰው?» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ከላይ ጥግ ላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት አየሁ። ነፃ ቪፒኤን ነበር፤ የጫንኩላቸውም እኔው ነኝ፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው በቆዩበት ጊዜ ውጭ አገር ካለች ልጃቸው ጋር እንዳይቆራረጡ ብዬ ነበር። ገደቡ ሲነሳ መተግበሪያውን አጠፋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ቪፒኤን ከስልኩ የሚወጣውን መረጃ ሌላ ሰው እንዳያነበው መስጥሮ ብዙ ጊዜ ሌላ አገር ወዳለ ሰርቨር (መረጃ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ኮምፒውተር) ይልካል፤ ወደ ተፈለገው ድረ ገጽ የሚሄደውም ከዚያ ሰርቨር ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም የሚያዩት ከሰርቨሩ ጋር መገናኘታችንንና የተላለፈውን የመረጃ መጠን ሲሆን፣ ድረ ገጹ ደግሞ የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ እንጂ የእኛን አያይም። በ2015 ገደቡን ያለፍነው በዚህ መንገድ ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔቱ ራሱ ሲቋረጥ ግን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኝ መስመር ስላልነበረ ቪፒኤን ምንም አልፈየደም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ከቴሌኮሙ የተሸሸገው ሁሉ፣ ማለትም የትኛው ድረ ገጽ መቼ እንደተከፈተ፣ ለቪፒኤኑ ባለቤት ይታያል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦናቮ የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ፣ ለተጠቃሚው ጥበቃ ነው እያለ ባቀረበው ቪፒኤን አማካይነት ሰዎች የትኞቹን የተፎካካሪ መተግበሪያዎች እንደሚጠቀሙ ይከታተል ነበር፤ መተግበሪያው እ.ኤ.አ. በ2018 ከአፕል መደብር ወጥቷል። የአክስቴ ቪፒኤን ባለቤት ማን እንደሆነ ብፈልግ ስሙ እንኳ በግልጽ አልተጻፈም፤ እኔ ግን ሳልጠይቅ የአክስቴን ስልክ አስረክቤዋለሁ።

«ታዲያ የባንኩን ገንዘብ አይጠብቅልኝም ነበር?» አሉ። አይጠብቅም። የባንክ መተግበሪያዎችና አብዛኞቹ ድረ ገጾች ኤችቲቲፒኤስ በተባለው የመመስጠሪያ ዘዴ ራሳቸው መረጃውን ስለሚመሰጥሩ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ሰው የይለፍ ቃላችንን እንዲሁ አያነብም፤ ቪፒኤን በዚያ ላይ የሚጨምረው የምንጎበኛቸውን ድረ ገጾች ስም መሸሸግ ነው። «ከባንክ ነው፤ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን» ብሎ የሚደውለውን አጭበርባሪ፣ በቴሌግራም ተልኮ የሚጫንን ተንኮል አዘል መተግበሪያ፣ በስማችን የገባንበት ፌስቡክ ስለ እኛ የሚያውቀውን፣ ከእነዚህ አንዱንም አይከለክልም።

ጥቅሉን በተመለከተ፣ መመስጠሩ በራሱ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ የነፃው መተግበሪያ ማስታወቂያዎች ግን የራሳቸውን ይበላሉ። ሰርቨሩም ኔዘርላንድስ ስለነበር፣ አዲስ አበባ ያለ ድረ ገጽ እንኳ ሲከፈት መረጃው አውሮፓ ደርሶ እየተመለሰ ይዘገይ ነበር።

አጠፋሁት። አክስቴ ሁለተኛውን ስኒ እያቀረቡ «ደግሞ ቢዘጋስ?» አሉኝ። ባለቤቱ የታወቀ፣ የሚከፈልበትን እንደምጭንላቸው፣ ገደቡ በተነሣ ዕለትም መጥቼ እንደማጠፋው ነገርኳቸው።