በጮቄ ግርጌ ከበረዶ ጋር መኖር

ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ በስናን ደጋ ገብስና ድንች የማመርት ገበሬ ነኝና በረዶን የምጠብቀው በሁለት ልብ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ በረዶ ጥሎበት ሲያድር ጓሳውና ጅብራው በጠዋት ፀሐይ ያብለጨልጫሉ፤ ልጆች በግቢው የተከመረውን በጣሳ እየዘገኑ ይሻማሉ፤ እኛም ምድጃ ከበን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን እንጫወታለን። (መጫወት የሚቻለው ግን በሣር ቤት ነው፤ ቆርቆሮ ሥር በረዶው እስኪያባራ ሰው ከሰው አይደማመጥም።)

በክረምት በረዶ የሚበዛው ከቀትር በኋላ ነው። የጠዋት ፀሐይ ያሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ የውኃውን ጠብታ ይዞ ብርቱ ቅዝቃዜ ወዳለበት ከፍታ ስለሚያደርሰው፣ ጠብታው በዚያ ረግቶ፣ አየሩ ሊሸከመው እስከማይችል ድረስ ይወፍራል። ስለዚህ ጠዋቱ ያለ ልክ የሞቀ ዕለት በጎቹን ሩቅ አላሰማራም።

በረዶው እንዳባራ ከሁሉ አስቀድሜ ዶማ ይዤ ፈሰሱን እከፍታለሁ፤ የቀለጠው ውኃ ሥሩ ላይ ከተኛ፣ ከበረዶው የተረፈውን ቡቃያ ያበሰብሰዋል። ገና ዘለላ ያላወጣ ገብስ ቅጠሉ ቢቆራረጥም ከሥሩ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ፣ ጎረቤቶቼ ተቻኩለው ሲገለብጡት እኔ እታገሣለሁ። ፍሬ ከያዘ በኋላ ከተመታ ግን ተስፋ የለውም፤ አጭጄ ለከብት አደርገዋለሁ። የድንቹ ቅጠል ሲቀደድ ለበሽታ በር ስለሚከፈት፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ ማሳው ውስጥ ማንም እንዲገባ አልፈቅድም። እርጥበቱ ሲደርቅ ድንቹን አፈር አስታቅፈዋለሁ፤ ጎርፉ የገለጠው ድንች ፀሐይ ካገኘው አረንጓዴ ሆኖ ይመራል፣ ለምግብም አይሆንም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ማሳዬን በአንድ ቦታ አለመሰብሰቤ ነው። በረዶ አንዱን ሸንተረር ደብድቦ ከወንዝ ማዶ ያለውን ሳይነካ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። መሬት ተለዋውጠን ኩታ ገጠም እናድርገው የሚሉኝ ነበሩ፤ የተበታተነ ማሳ እግር ቢያደክምም፣ ዓመቱን ሙሉ ጎተራዬን ባዶ ከሚያስቀር ጉዳት ድካሙን እመርጣለሁ።

ውርጭ ሌላ ጠባይ አለው። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት የምድሩ ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣል፤ ቀዝቃዛው አየርም ከብዶ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ስለዚህ በመስኖ የሚለማውን ድንች ተዳፋቱ ላይ ተክዬ፣ ረባዳውን ለግጦሽ ትቼዋለሁ።