ንፍሮውና ስልሳው ሰዓት

ውርጩ ዛሬ ለጉድ ነው። ታኅሣሥ በደብረ ብርሃን ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል፤ ምንም ሳልሆን ሆድ ይብሰኛል። ጋቢዬን ተከናንቤ ስልኬ ላይ ተጣድኩ። ባለቤቴ "ጀመረህ ደግሞ" አለች። "ሥራ ነው" አልኳት። አላመነችም።

ሥራ ነው እኮ! ፊዚክስ የምናስተምር ሰዎች የተሰበሰብንበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ታትሞ ሳይደርሰን ፒዲኤፉ የደረሰን በዚያ ነው። ፌት የሚባለውን የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሙሌሽንም (ስክሪን ላይ የሚሠራ ሙከራ ነው) ያወቅሁት እዚያው ነው። ቤተ ሙከራ አለን፤ ዕቃው ነው የሌለው። ስለዚህ ልጆቹ ባትሪና አምፖል የሚያገናኙት የእኔን ስልክ እየተሻሙ ነው። መስታወቱ በጣት አሻራ ብዛት አይታይም።

ዛሬ ማታ ሸዋ ሮቢት የሚያስተምር አንዱ "እናንተ ጋ ውኃ በስንት ይፈላል?" ብሎ ወረወረ። ሁሉም 100 ሊል ነው። 100 ግን ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ውኃው ቶሎ ይፈላል፤ 90 ወይም 91 ላይ ይንተከተካል። ቶሎ ፈላ ማለት ግን ቶሎ አበሰለ ማለት አይደለም። እሳቱን ብትጨምርበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውኃው ከዚያ በላይ አይግልም።

ይህን ስንጻጻፍ መንዝ፣ መሐል ሜዳ የሚያስተምረው ሰውዬ "አሃ! ለካ ባቄላው አልነበረም ጥፋተኛው!" አለ። አለቀ፣ ወሬው ንፍሮ ሆነ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ማታ ጥዳ ስታድር፣ ጠዋት አንዷን ፍሬ በጣቷ ጨመቅ አድርጋ "ይሄ ልበ ደንዳና!" እያለች ባቄላውን ስትሳደብ። ያ ሁሉ ስድብ ለከባቢ አየር ግፊት ነበር።

አሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሲፒዲ፣ ማለትም የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቀናል። ዕቅድ፣ ፖርትፎሊዮ፣ ፊርማ። የዛሬው ማታ የትኛው ዓምድ ላይ ይሞላል? ቦታ፦ ብርድ ልብስ ውስጥ። ርዕስ፦ ንፍሮ። አሠልጣኝ፦ መልኩን አይቼው የማላውቅ ሰው። ሱፐርቫይዘሩ በሳቅ ይሞታል። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ፋይሌ ውስጥ ከተሰኩት ወረቀቶች ስንቱ ክፍል ውስጥ ገብቷል? ደግሞ እኔም አላበዛውም። የግሩፑ እኩሌታ "እንኳን አደረሳችሁ" እና የደመወዝ ወሬ ነው። አንዳንድ ማታ ለትምህርት ብዬ ገብቼ የማላውቀው ሰው ሠርግ ላይ ስጨፍር እገኛለሁ። እሱስ ስንት ሰዓት ይያዝልኝ?

ለማንኛውም ነገ ምድጃና ድስት ይዤ ክፍል ልገባ አስቤያለሁ። ልጆቹ ራሳቸው ይለኩት። "ቴርሞሜትር የሚያውሰኝ አለ?" ብዬ ለጠፍኩ። አንዱ ወዲያው መለሰ፦ "የትኩሳት መለኪያ ይሆንሃል?"

42 ላይ እኮ ነው የሚያልቀው። የሙያ ባልደረባዬ ነው እንግዲህ።