ሴንት ሉዊስ፦ ተመልካች አፉን የሚዘጋበት ከተማ

እኔ ቼዝ የተማርኩት በጩኸት ነው። አዲስ አበባ፣ አጎቴ ሱቅ በራፍ ላይ። የለስላሳ ሳጥን ይገለበጣል፣ ሰሌዳው ይዘረጋል። ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ ስምንት ሰው ይጫወታል። "ፈረሱን! ፈረሱን አምጣው እንጂ!" ይላል አንዱ። ሌላው ትዕግሥቱ ያልቅና እጁን ሰድዶ ራሱ ያነሳዋል። መጨረሻ ላይ ማን ማንን እንዳሸነፈ ለማወቅ ሽማግሌ የሚያስፈልግበት ጊዜ ነበር።

የእህቴ ልጅ ግን ሌላ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሜሪላንድ ተወልዶ፣ ቼዝን ከአሰልጣኝ የተማረ። በአማርኛ ትጠይቀዋለህ፣ በእንግሊዝኛ ይመልስልሃል። የአሜሪካን ብሔራዊ ሻምፒዮና ካላየሁ ብሎ ክረምቱን ሙሉ ሲወተውተኝ ከረመና በጥቅምት ትኬት ቆረጥኩ። አውሮፕላን ውስጥ ቀበቶውን እያሰረ ዞር አለና፣ ነገሩ ከባድ ስለሆነ ነው መሰለኝ በአማርኛ፣ "አጎቴ፣ እዚያ ስትገባ እንዳታወራ እሺ?" አለኝ።

ከሴንት ሉዊስ አየር ማረፊያ ባቡር አለ። ቀዩን መስመር ይዘን ሴንትራል ዌስት ኤንድ ወረድን። ከጣቢያው ወጥቶ በትልልቆቹ ሆስፒታሎች መሃል በእግር ማዝገም ነው። ከዚያ ዛፍ ያጠላባቸው መንገዶች፣ የድሮ የጡብ ቤቶች፣ ካፌዎች። ሜሪላንድ ጎዳና ላይ ስንደርስ ልጁ መሮጥ ጀመረ። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። የተለጠፈውን ፕሮግራም አነበበ፣ ከዚያም እኔን አየኝ።

የዕረፍት ቀን ነበር።

አሥራ አንድ ዙር ባለው ውድድር መሃል ተጫዋቾቹ የሚያርፉበት ቀን እንዳለ ፕሮግራሙ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ትኬት ስቆርጥ ያንን መስመር የዘለልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ምንም አላለም። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ቀኑን እንዴት እንደማዳን ሳወጣ ሳወርድ ከመንገዱ ማዶ ንጉሡን አየነው። በዓለም ትልቁ የቼዝ ጠጠር ነው፤ ቁመቱ 20 ጫማ፣ ስድስት ሜትር ገደማ። ከዓለም የቼዝ ዝነኞች አዳራሽ ፊት ለፊት ቆሟል። አዳራሹ በ2011 ከማያሚ ወደዚህ ተዛወረ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ታሪኩም የእነሱ ነው።) ከተማዋን እንዲህ የቼዝ መዲና ያደረጋት ሬክስ ሲንክፊልድ የሚባል ባለሀብት ነው። እዚሁ ሴንት ሉዊስ፣ በልጅነቱ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ሰው። ክለቡን በ2008 ከፈተ፤ ከ2009 ጀምሮ ብሔራዊ ሻምፒዮናው ከዚህ ንቅንቅ አላለም።

ያን ቀን ከሁለታችን ይበልጥ የሚያውቀው ልጁ ነበር። አዳራሹን እየዞርን እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። ፍራንክ ማርሻል ከ1909 እስከ 1936 ድረስ፣ 27 ዓመት ሙሉ፣ ሻምፒዮን ተብሎ ኖረ አለኝ። እንዴት? ያኔ ማዕረጉ የሚወሰነው በውድድር ሳይሆን፣ ባለማዕረጉን አንድ ሰው ገጥሞ ሲያሸንፈው ብቻ ነበርና። ማርሻል በመጨረሻ በራሱ ፈቃድ ማዕረጉን ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ በውድድር ሆነ። በፈቃዱ ወንበር የለቀቀ ሰው ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም።

የመጀመሪያውን የ1936ቱን ውድድር ሳሙኤል ሬሼቭስኪ ወሰደ። እሱና ቦቢ ፊሸር ስምንት ስምንት ጊዜ አሸንፈው ክብረ ወሰኑን ይጋራሉ። ሴቶቹ ግን ይበልጣሉ፦ ጊሴላ ግሬሰር ከ1944 እስከ 1969 ባለው ጊዜ ዘጠኝ ጊዜ ነው ሻምፒዮን የሆነችው። ፊሸር የመጀመሪያውን ሲያሸንፍ 14 ዓመቱ ነበር። የእህቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ አለ። ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ እያሰላ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን የ1942ቱ ታሪክ ነው። ሬሼቭስኪ ከአርኖልድ ዴንከር ጋር እየተጫወተ ሰዓቱ አለቀበት። የቼዝ ሰዓት ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ ፊት አለው፤ ዳኛው ሰዓቱን ከጀርባው በኩል አነሳና ዞር አድርጎ አየው። እንዲህ ሲያዝ የግራው ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ይሆናል። "ዴንከር ጊዜው አልቆበታል፣ ተሸንፏል" ብሎ ፈረደ። ተመልካቹ ተቃወመ። ዳኛው ግን አንዴ ፈርጃለሁ ብሎ ንቅንቅ አልል አለ። ሬሼቭስኪ ያንን ነጥብ ይዞ ከአይዛክ ካሽዳን ጋር እኩል ወጣ፤ ኋላም በመለያ ግጥሚያ አሸንፎት ሻምፒዮን ሆነ።

"አየህ!" አልኩት ልጁን። "ተመልካች መጮኹ ይጠቅማል።"

"1963" አለኝ ሳይዘገይ።

በ1963/64 ፊሸር አሥራ አንድ ጨዋታ ተጫውቶ አሥራ አንዱንም አሸነፈ። አንድ እንኳ አቻ የለም። ሁለተኛ የወጣው ላሪ ኢቫንስ በ3.5 ነጥብ ይርቀዋል። ይህን እስካሁን የደገመው የለም። ከሮበርት በርን ጋር ሲጫወት፣ በሌላ ክፍል ለተመልካች የሚያስረዱት አያት ጌቶች (ግራንድ ማስተሮች ማለቴ ነው፤ አጎቴ በቀልድ እንዲህ ነበር የሚላቸው) በርን እያሸነፈ ነው ብለው ሲተነትኑ ነበር። በዚያው ቅጽበት በርን እጁን ሰጠ። ሊቃውንቱ ሁሉ የተሳሳተውን ሰው ነበር የሚያሞግሱት።

አንድ ለአንድ ወጣን።

ከሰዓት በኋላ ክለቡ ደጃፍ ካሉት የመንገድ ዳር ጠረጴዛዎች አንዱ ላይ ልጁ አንድ ነጭ ሽማግሌ ጋር ተቀመጠ። ቃሌን ጠብቄ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ከዚያ ልጁ በግንቡ ሊበላ ሲል አፌ አመለጠኝ፦ "እ-እ!" ሌላ ቃል አልወጣኝም። ሽማግሌው ቀና ብሎ በመነጽሩ በላይ አየኝ። ልጁ ግን ግንቡን ነክቶት ነበር፤ የነካኸውን ትጫወታለህ። ተጫወተው፤ ተበላ። ቡና ልግዛ ብዬ ተነሳሁ።

በማግስቱ ገባን። ስልክ አስረክበን ወደ ላይ። አሥራ ሁለት ወንዶች፣ አሥራ ሁለት ሴቶች፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር አንዳንድ ጊዜ ይጫወታል፣ አሥራ አንድ ዙር። ያለፈው ሻምፒዮን ይጋበዛል፣ የወጣቶች ሻምፒዮን ይጋበዛል፣ የቀሩትን አብዛኞቹን የሚያስገባቸው የደረጃ ነጥባቸው ነው። ለመጀመሪያዎቹ 40 እርምጃዎች 90 ደቂቃ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ይጨመራል፤ ከመጀመሪያው አንስቶ ደግሞ በየእርምጃው 30 ሰከንድ። አንደኛ እኩል ከወጡ በፈጣን ጨዋታ ይለያሉ። በ2021 ሦስት ሰው እኩል ወጥቶ ዌስሊ ሶ በዚህ መንገድ ነው የወሰደው።

የክፍሉን ጸጥታ እንዴት ልንገራችሁ? ቅዳሴ ላይ እንኳ ሕፃን ያለቅሳል። እዚህ የሚሰማው የእስክሪብቶ ጭረትና የጫማ ኮቴ ብቻ ነው። ፋቢያኖ ካሩዋና ከእኔ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በሁለት እጁ ጆሮውን ይዞ ተቀምጧል። ምን እንዳይሰማ እንደሆነ እንጃ፤ የሚሰማ ነገር የለም።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ዌስሊ ሶ ነው። በ2015፣ በዚሁ ውድድር ዘጠነኛ ዙር ላይ፣ ከቫሩዣን አኮቢያን ጋር ገና ስድስተኛ እርምጃ ላይ ሳለ ዳኛው መጥቶ ተሸንፈሃል አለው። ጥፋቱ ምን ነበር? ወረቀት ላይ ለራሱ ማበረታቻ መጻፍ። ተረጋጋ፣ ጊዜህን ተጠቀም ዓይነት ምክር። በሕጉ መሠረት ጨዋታ ላይ ማስታወሻ መጠቀም አይቻልም፤ የሚጻፈው እርምጃው፣ ሰዓቱና የመሳሰለው ብቻ ነው። ቀደም ብሎም ተነግሮታል። ሕጉ ልክ ነው፣ አልከራከርም። ግን እንደኛ ሰፈር ላደገ ሰው ይከብዳል። እኛ ስምንት ሰው ይመክረናል፤ እሱ ራሱን በራሱ መምከር ተከለከለ!

በ1810 ገደማ ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ላይ የአገሩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ፣ የጥንቱን የእኛን ቼዝ፣ ሲጫወቱ አይቷቸዋል። ከመኳንንቱ እስከ ባሪያው በዙሪያው ያለ ሁሉ እየጮኸ ይመክር፣ ጠጠሩን ሳይቀር እየነካ ይጠቁም እንደነበር ጽፏል። ሰንጠረዥ ራሱ ሲጀመር ተራ የለውም። ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደቻለ ያንቀሳቅሳሉ። ንግሥት የለችም፣ ፈርዝ አለ፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚሄድ። ፊል ደግሞ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። የሴንት ሉዊስ ዳኞች ጨለቆት ቢገኙ ምን እንደሚሉ እያሰብኩ ሳቄ መጣ። ልጁ በክርኑ ጎሸመኝ።

ማታ ሳውዝ ግራንድ ሄድን፤ እዚያ ሐበሻ ምግብ አለ። ያዘዝነው እስኪመጣ ልጁ የሚጠቀለለውን ሰሌዳ ከቦርሳው አወጣና ገጠመኝ። አሥረኛው እርምጃ ላይ ከጀርባው "ቢሾፑን ተወው የኔ ልጅ፣ ፈረሱን" የሚል ድምፅ መጣ። ባለ ኮፍያ ጎልማሳ ነው፤ ቢራውን እንደያዘ ቆሟል። ከባንኮኒው አንዲት እናት "አይ፣ ወታደሩን ይግፋ" አሉ። ቼዝ መቻላቸውን እንጃ።

ልጁ እኔን አየኝ። ትከሻዬን ነቀነቅሁ።

"ለምን ፈረሱን?" ብሎ ጠየቀ ሰውየውን፤ በአማርኛ። ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ንግሥቴን በሦስት እርምጃ አጣሁ። ሽሮው መጥቶ እየተንተከተከ አስተናጋጇ ትሪውን እንደያዘች ቆመች፤ ሰሌዳውን የሚያነሳላት ጠፋ።