ተምችን በሽታ ማባረር (በጠረን ማለቴ ነው)

አጎቴ ፍኖተ ሰላም አካባቢ በቆሎ ነው የሚያርሰው። 2009 ላይ መጤው የአሜሪካ ተምች በደቡብ ምዕራብ በኩል ገባ ሲባል "ምን እዚህ ያደርሰዋል" ብሎ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ከች አለ። የበቆሎውን ለጋ ቅጠል ገለጥ ስታደርጉት ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ተከምሯል፣ ከስሩ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ የተሳለበት ትል ተኝቷል። ክረምቱን በእጃችን እየለቀምን ስንጨፈልቅ ነው የከረምነው።

ከዛ ፑሽ ፑል (መግፋትና መሳብ) የሚባለውን ነገር አነበብኩለት። ኬንያ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ከእንግሊዙ የእርሻ ምርምር ተቋም ሮታምስቴድ ጋር በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ለአገዳ ቆርቁር (አገዳ ውስጥ ገብቶ ለሚበላው ትል) ብሎ ያመጣው ነው። በበቆሎው መስመር መሀል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ሐረግ ትዘራላችሁ፣ ዙሪያውን ዝሆኔ ሳር ወይ ብራኬሪያ የሚባል የመኖ ሳር። ዴስሞዲየሙ የሚለቀው ጠረን በቆሎ በትል ሲበላ ከሚለቀው ጋር ይመሳሰላል፣ እና የእሳት ራቷ እንቁላል ልትጥል ስትመጣ ቤቱ ተይዟል ብላ ትሄዳለች፣ የትል ጠላት የሆኑት ትንንሽ ተርቦች ደግሞ በዛው ጠረን ይጠራሉ። ዝሆኔ ሳሩ በተቃራኒው ልክ ሲመሽ ጠረኑን ይለቀዋል፣ ቆርቁሯ እዛ ሄዳ ትጥላለች፣ የተፈለፈለው ትል አገዳውን ልብላ ሲል ሳሩ ሙጫ ያወጣበትና አብዛኛው እዛው ይቀራል።

አጎቴ ሰምቶኝ ሰምቶኝ "ጡት ለማስጣል ሬት እንደመቀባት በለኛ" አለኝ። ከዚህ የተሻለ አላስረዳውም ነበር።

ለተምቹም ምስራቅ አፍሪካ ውስጥ ተሞክሮ በፈረንጆቹ 2018 የወጣው ጥናት ጉዳቱ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ ይላል። በቅርብ ደግሞ ዴስሞዲየም ማሳ ላይ እውነት ያን ያህል ይሸታል ወይ ብለው ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው እየተከራከሩ ነው። እኔ ክርክሩን ለነሱ ትቼዋለሁ፣ ዴስሞዲየሙ የበቆሎን ስር የሚመጠውን አረም፣ አቀንጭራን፣ ብቻ ቢያጠፋልኝም ይበቃኛል።

የኛ ችግር ጠረኑ አልነበረም። ዴስሞዲየም መጀመሪያ ዓመት ላይ ቀርፋፋ ነው፣ ያቺ የበቀለችው ትንሽ ነገር ደግሞ ለከብት እንደ ማር ነች፣ በቆሎው ተሰብስቦ ልቅ ግጦሽ ሲጀመር ተምቹን ልናባርር የጎረቤት ላሞችን ጠርተን አረፍነው!! በሁለት ቀን ሙልጭ። የአጎቴ ሚስት ግን አልከፋትም፣ ዝሆኔ ሳሩን እያጨደች ለራሷ ላም ትሰጣለች፣ ወተቱ ጨምሯል ባይ ነች።

ዘንድሮ አጎቴ መጀመሪያ በእሾህ አጥሯል። ዘሩ ውድ ስለሆነ እኔ የሐረጉን ቁርጥራጭ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ሰኔ ላይ እወርዳለሁ።