ጳጉሜን የማያውቅ ሲስተም ይብቃን

ጃቫስክሪፕት የምትጽፉ ልጆች፣ ቴምፖራልን፣ ማለትም ቀንና ሰዓት የሚያሰላውን አዲሱን የቋንቋውን ክፍል፣ እስካሁን ካልነካችሁት ዛሬውኑ ሞክሩት። ፋየርፎክስ ግንቦት 2017 ላይ በወጣው 139ኛ ስሪቱ አስገብቶታል። ክሮም ደግሞ ጥር 2018 ላይ በ144ኛው ተከተለ። ብዙ ሰው ዜናውን እንደ ተራ ማሻሻያ አይቶ አልፎታል። ለእኛ ግን ተራ አይደለም፤ የኛን ዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜው ያውቃል!

ይሄ ጉዳይ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። እዚህ ሀዋሳ ለክሊኒክ፣ ለቁጠባ ማኅበር፣ ለመሳሰሉት ሲስተም እሠራለሁ። አንድ ቦታ የነበረውን አሮጌ ፎርም ስከፍተው የወር ምርጫው ነሐሴ ላይ ያበቃል። እና ጳጉሜ 4 የተወለደች ልጅ ምን ትሁን? መስከረም 1 ተብላ ትመዘገባለች። ጥቂት ቀን ብቻ የተዛነፈ ይመስላል፣ ግን እኮ የልደት ዓመቷም አብሮ ተቀየረ፣ ካርዷ ላይ ያለውና ሲስተሙ ውስጥ ያለው አይገናኝም፣ ነገ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቧት እናትየው ልታስረዳ ነው። መዝጋቢዋ ላይ አትፍረዱ። ምርጫውን ያልሰጣት ኮዱን የጻፈው ሰው ነው።

የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ለመቀየር ሁልጊዜ «8 ቀንስ» የሚለው ኮድም አለ። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከጃንዋሪ 1 በኋላ ነው።

ፒያሳ ቡና የምንጠጣ የሙያ ጓደኞቼ «እኛ ቀን የሚቀይር የራሳችንን ፈንክሽን ጽፈናል፣ ይሠራል» ይሉኛል። ጥሩ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ስጡት። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ካላለ አይሠራም፣ በቃ።

ቴምፖራል ላይ ካላንደሩን «ኢትዮፒክ» ብላችሁ ዓመት 2015፣ ወር 13፣ ቀን 6 ስትሉት በትክክል ይቀይረዋል። ዳታቤዝ ውስጥ የፈረንጁን ቀን አስቀምጡ፣ ለሰው ስታሳዩ በሀበሻ አሳዩ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ብትሉት፣ የ2016 ጳጉሜ 5 ቀን ብቻ ስለሆነች፣ ምንም ሳይናገር ወደ 5 ዝቅ አድርጎ ይቀበላችኋል። ይሄ ለሕክምናም ለብድርም መዝገብ አደገኛ ነው። «ኦቨርፍሎው» (የሌለ ቀን ሲገባ ምን ይደረግ) የሚለውን ምርጫ «ሪጀክት» (አትቀበል) አድርጉት፤ ያኔ የተሳሳተ ቀን ሲገባ ኤረር ይሰጣል፣ መዝጋቢዋም እዚያው ታስተካክላለች።

ሰዓቱን ግን አይሠራላችሁም። የአዲስ አበባን የሰዓት ቀጠና ብትሰጡትም የሚያሳየው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ስድስቱን ሰዓት ቀንሳችሁ ማሳየት የናንተ ሥራ ነው። «ቀጠሮዎ 2፡00 ላይ ነው» የሚል ኤስኤምኤስ የደረሳቸው እናት ጠዋት በጊዜ ክሊኒክ ደርሰው፣ ሲስተሙ ግን ከሰዓት 8 ማለቱ ከሆነ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ሊጠብቁ ነው። ስለዚህ መልእክቱ ላይ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን ጨምሩበት። አንድ ቃል ናት፣ ምንም ወጪ የላትም።

ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ነው። ሲስተማችሁ ላይ አሁኑኑ አስገብታችሁ ሞክሩና ምን እንዳመጣ ጻፉልኝ፤ አልቀበልም ካለ ኮዱን ላኩልኝና አብረን እናየዋለን።