ከዢዞር እስከ ሻቶ ጋያር፦ ሦስት መቶ ዓመት የተዋጉበትን ወንዝ ተከትሎ

በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ ያለውን የመካከለኛው ዘመን ምሽግ ሻቶ ጋያርን ለማየት የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፓሪስ ወይም ከሩዋን በቀጥታ ምሽጉ ወዳለባት ከተማ ወደ ሌዛንድሊ ይነዳል፤ አፋፉ ላይ ቆሞ የሴንን ወንዝ ፎቶ ያነሳና ይመለሳል። እኔ የገባሁት በሌላ በር ነው፤ ለሌላውም የምመክረው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ዢዞር፣ ከዚያ የኤፕትን ወንዝ ይዞ ቁልቁል፣ ሻቶ ጋያር በመጨረሻ። ሻቶ ጋያር የተሠራው የዢዞር ምሽግ ኖርማንዲን ጭምር ይገዛ ከነበረው ከእንግሊዙ ንጉሥ እጅ ስለወጣ ነውና ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ያ ሁሉ ድንጋይ ለምን እንደተከመረ አይገባም።

አገሩ ቬክሳን ይባላል። (ዓመቱም ወሩም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከፓሪስ ሳን ላዛር ጣቢያ የጄ መስመር ባቡር በፖንቷዝና በሾሞን በኩል አድርጎ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ በሆነ ጊዜ ዢዞር ያደርሳል። የጄ መስመር ብዙ ቅርንጫፍ ስላለው ሰሌዳው ላይ «ዢዞር» የሚል ካልተጻፈ አለመሳፈር ነው፤ ፖንቷዝ ላይ የሚያበቃ ባቡር ብዙ ነው። ከፖንቷዝ በኋላ በመስኮት የሚታየው ስንዴና ስኳር የሚወጣበት ቀይ ሥር የሚዘራበት ሜዳ ነው። ተራራ የለም፣ ገደል የለም፣ ከሩዋን ወደ ፓሪስ የሚገሰግስን ጦር የሚያዘገይ ነገር የለም። ያለው አንድ ሸለቆ ብቻ ነው፤ እሱም የኤፕት ሸለቆ።

በ911 የፍራንኮቹ ንጉሥ ቻርልስና የኖርማኖቹ አለቃ ሮሎ ሳን ክሌር ሱር ኤፕት ላይ ተስማሙ ይባላል። የውሉ ጽሑፍ አልተረፈም፤ ውጤቱ ግን ቀረ፤ ኤፕት ወሰን ሆነ፤ ቬክሳንም ለሁለት ተከፈለ። ከወንዙ በስተምዕራብ እስከ አንዴል ወንዝ ያለው የኖርማንዲ፣ በስተምሥራቅ እስከ ኧዋዝ ወንዝ ያለው የፈረንሳይ። የአካባቢው ገዢዎች የነበሩት ኮንቶች በመሃል ሆነው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲያዘነብሉ ቆዩ። በ1077 ኮንት ሲሞን ዓለምን ንቆ ገዳም ሲገባ ንጉሥ ፊሊፕ 1ኛ የፈረንሳዩን ግማሽ ጠቀለለው። የኖርማንዲ መስፍንና የእንግሊዝ ንጉሥ የነበረው ድል አድራጊው ዊልያም ይህን አልዋጠም። በ1087 ማንትን፣ ሾሞንንና ፖንቷዝን መልሱልኝ ብሎ ዘመተ፣ ማንትን አቃጠለ፣ እዚያው ተጎድቶ ሴፕቴምበር 9 ቀን ሩዋን ላይ ሞተ። እንግሊዝን የያዘ ሰው በዚህች ቁራጭ መሬት ነው ያለቀው።

ከዢዞር ጣቢያ እስከ ምሽጉ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ግቢው ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ስለሆነ መግቢያ አይከፈልበትም፤ ግንቦቹ ውስጥ የሚገባው ግን ከአስጎብኚ ጋር ነውና ሰዓቱን አስቀድሞ በከተማው የቱሪዝም ቢሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲገቡ ሁለት ግንብ ይታያል፤ ልዩነታቸው የወሰኑ ታሪክ ነው። በሰው ሠራሽ ጉብታ አናት ላይ ያለው ባለስምንት ማዕዘን ግንብ የእንግሊዝና የኖርማን ነገሥታት ሥራ ነው፤ ምሽጉ የተጀመረው በ1097 ገደማ በዊልያም 2ኛ ትእዛዝ ሲሆን ሄንሪ 1ኛና ሄንሪ 2ኛ አጠናከሩት። ከታች ከቅጥሩ ጋር የተያያዘው ድቡልቡል ግንብ ደግሞ የፈረንሳዩ የፊሊፕ ኦጉስት ነው፤ ከ1193 በኋላ የተሠራ። ድቡልቡሉ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ማዕዘን ያለው ግንብ ማዕዘኑ ከሥሩ ከተቆፈረ ይናዳል፣ ከቀስተኛ ዓይንም የሚሰወር ጥግ አለው፤ ክቡ ይህ ድካም የለበትም። ወሰኑ ሲጠፋ ግንቡ እስር ቤት ሆነና እስረኞች ለስላሳውን የኖራ ድንጋይ እየፋቁ ስቅለትንና ቅዱሳንን ቀርጸውበታል። ቅርጾቹን ልብ ብሎ ላየ የተሰባሰቡት ከቀስት መወርወሪያው ቀዳዳ ብርሃን በሚያርፍበት በኩል ነው፤ ጨለማው ግድግዳ ባዶ ነው።

ዢዞር እጅ የቀየረው ግን በአብዛኛው በጦር ሳይሆን በጋብቻ ነው። የሄንሪ 2ኛ አባት በ1140ዎቹ ኖርማንዲን ሲይዝ የፈረንሳዩ ንጉሥ ዝም እንዲለው ዢዞርን አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። ሄንሪ በ1158 መልሶ ማግኛ ዘዴ አበጀ፤ የሦስት ዓመት ልጁን ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 7ኛ ሴት ልጅ ለማርጋሬት አጨ፤ እሷ ገና ጨቅላ ናት። ይዛው የምትገባው ርስት የኖርማንዲ ቬክሳን ሆነ፤ ምሽጎቹ እስከ ሠርጉ ድረስ በቴምፕላሮች (በመነኮሳት ፈረሰኞች ማኅበር) እጅ በአደራ ይቀመጡ ተባለ። ሉዊ ልጆቹ እስኪያድጉ ገና ጊዜ አለኝ ብሎ ሳይሆን አይቀርም የፈረመው። ሄንሪ ግን ኖቬምበር 1160 የጳጳሱን መልእክተኞች ፈቃድ አስገኝቶ የአምስት ዓመቱን ልጅና ሦስት ዓመት ያልሞላትን ሕፃን አጋባቸው። ቴምፕላሮቹም በውሉ መሠረት ቁልፉን አስረከቡ። ውሉ «ሲጋቡ» ይላል እንጂ ዕድሜ አይጠቅስም ነበር፤ ሉዊ የተሸነፈው በዚያች ክፍተት ነው።

ባልየው በ1183 ያለ ልጅ ሲሞት የሉዊ ልጅ ፊሊፕ ኦጉስት ርስቱ ይመለስ አለ። ክርክሩ ወደ ሌላይቱ እህት ወደ አሊስና ወደ እጮኛዋ፣ የሄንሪ 2ኛ ሌላ ልጅና በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ወደሆነው ወደ ሪቻርድ ዞረ። ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት በዢዞርና በትሪ ሻቶ መካከል አንድ ትልቅ የኤልም ዛፍ ሥር ነበር፤ ኦገስት 1188 ድርድሩ ሲፈርስ ፈረንሳዮቹ ቆርጠው ጣሉት። ሪቻርድ በ1191 መሲና ላይ አሊስን አላገባም ብሎ 10,000 ማርክ ለመክፈል ሲስማማ ቬክሳንን ግን አለቀቀም። ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ ጀርመን ውስጥ ታስሮ ሳለ፣ ኤፕሪል 1193፣ የዢዞር አዛዥ ምሽጉን ያለ ውጊያ ለፊሊፕ ከፍቶ ሰጠው። ጃንዋሪ 1196 በተፈረመው ውል ደግሞ ሪቻርድ ራሱ የኖርማንዲን ቬክሳን ለቀቀ፤ ሻቶ ጋያር በኋላ የቆመበት አንድሊም (የዛሬው ሌዛንድሊ) እንዳይመሸግ ተስማማ።

ከዢዞር እስከ ጋኒ በቀድሞው የባቡር ሐዲድ ላይ የተነጠፈ፣ መኪና የማይገባበት መንገድ አለ፤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሜዳ ስለሆነ በብስክሌት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ውኃና ምግብ ከዢዞር መያዝ ነው፤ በመንገዱ ያሉት መንደሮች ትንንሽ ናቸው፣ እሑድ ከሰዓትና ሰኞ ሱቆቹ ዝግ ናቸው። የሚሄዱት በኖርማንዲ ዳርቻ ነው፤ ወንዙን የሚሻገር ድልድይ በተገኘ ቁጥር ወርዶ ማየት ይገባል። ኤፕት ብዙ ቦታ ላይ ከአሥር ሜትር አይሰፋም። ያደናገረኝ ይህ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጅረት እንዴት ወሰን ይሆናል? መልሱ ከዳርቻው ሲወርዱ ነው ያለው፤ ግራና ቀኙ ረግረግ ነው፤ ጋሻና ጥሩር ያደረገ ፈረሰኛ የሚሻገረው ድልድይና መልካ ባለበት ብቻ ነው። ስለዚህ በየመሻገሪያው ምሽግ ቆመ፤ በኖርማኑ በኩል ኖፍል፣ ዳንጉ፣ ሻቶ ሱር ኤፕት፤ ትይዩ በፈረንሳዩ በኩል ትሪ፣ ኩርሴል፣ ቡሪ። ሻቶ ሱር ኤፕት ከፓሪስ ሩዋን የሚወስደው የሮማውያን ጎዳና ወንዙን የሚያቋርጥበትን ይጠብቃል፤ ፍርስራሹ የሚታየው ከውጭ ሆኖ ነው።

ድልድይ መቆጣጠር ምን እንደሚያመጣ ሴፕቴምበር 1198 ታይቷል። ሪቻርድ ኩርሴልን ይዞ ፊሊፕን ወደ ዢዞር ሲያሯሩጠው በከተማዋ በር ያለው ድልድይ ከሸሺው ብዛት ተሰበረ። ሪቻርድ በደብዳቤው ንጉሡ የወንዙን ውኃ ጠጣ፣ ሃያ ፈረሰኞችም ሰጠሙ ብሎ ጽፏል። የጻፈው ባለድሉ መሆኑን አንርሳ።

ከጋኒ ኮረብታውን ተሻግሮ ላ ሮሽ ጊዮን ነው፤ የፈረንሳይ ወገን ምሽግ፣ በኖራ ድንጋይ ገደል ላይ። ወደ ላይኛው ግንብ የሚያወጣው በገደሉ ውስጥ የተፈለፈለ ከ200 በላይ ደረጃ ነው፤ ጉልበት ለሚያመው አይሆንም።

ሌዛንድሊ የባቡር ጣቢያ የለውም። ቅርቡ በፓሪስና ሩዋን መስመር ላይ ያለው ጋዮን ነው፤ ከዚያ አውቶቡስ ወይም ብስክሌት። ከሌዛንድሊ የወንዝ ዳር ሰፈር ከፕቲ አንድሊ ወደ ምሽጉ የሚወጣው የእግር መንገድ አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ዝናብ ከነካው ኖራው ሳሙና ስለሚሆን ጥርስ ያለው ጫማ ይፈልጋል። ውጪው ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ለውስጠኛው ግቢ ግን ይከፈላል፣ በቀዝቃዛው ወራትም ይዘጋል።

መሬቱ የሩዋን ሊቀ ጳጳስ ነበር። ሪቻርድ ውሉንም ሊቀ ጳጳሱንም ችላ ብሎ በ1196 ግንባታ ጀመረ፤ ሊቀ ጳጳሱ በኖርማንዲ ሥርዓተ ቅዳሴ እንዲቋረጥ አወገዘ፤ በ1197 ሪቻርድ ዲየፕንና ሌሎች ቦታዎችን በልዋጭ ሰጥቶ ታረቀ። በ1198 ሥራው በአብዛኛው አልቋል፤ ወጪው 12,000 ፓውንድ ገደማ፤ ለዚያ ዘመን ግዙፍ ገንዘብ።

ወደ ውስጥ ከመግባት በፊት በደቡብ ምሥራቅ ካለው ኮረብታ መቆም ይጠቅማል። ምሽጉ በሌሎች ጎኖች ሁሉ በገደል ተከቧል፤ በዚህ በኩል ብቻ በጠባብ መሬት ከኮረብታው ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ሪቻርድ በዚያ አቅጣጫ ባለሦስት ማዕዘን የፊት ምሽግ አቆመ፣ ከኋላው በዐለት የተቆፈረ ጉድባ፣ ከዚያ መካከለኛው ግቢ፣ በእሱ ውስጥ ውስጠኛው ግቢ፣ በመጨረሻም ዋናው ግንብ። የውስጠኛው ግቢ ቅጥር ተጠጋግተው እንደቆሙ በርሜሎች ጎብጦ ጎብጦ የሚሄድ ነው፤ የሚወረወር ድንጋይ ጠፍጣፋ ፊት እንዳያገኝ።

ፊሊፕ የመጣው በ1203 ነው፤ ሪቻርድ ሞቶ ወንድሙ ጆን ነግሦ ነበር። ጆን በሌሊት በእግረኛና በጀልባ አንድ ላይ ሊመታ አቀደ፤ ጀልባዎቹ በሴን ወንዝ ሽቅብ እየቀዘፉ ዘገዩ፤ ፈረንሳዮቹ መጀመሪያ እግረኛውን፣ ቀጥሎ ጀልባዎቹን ለየብቻ ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ረዳት አልመጣም። አዛዡ ሮጀር ደ ላሲ ስንቁን ለማቆየት ከታች መንደር የተጠጉትን ሰዎች አስወጣ፤ ፊሊፕ የመጀመሪያዎቹን ካሳለፈ በኋላ ከለከለ። የቀሩት በሁለቱ ሠራዊት መካከል በክረምቱ ብርድ በረሃብ አለቁ፤ ፊሊፕ የተረፉትን የለቀቀው ዘግይቶ ነው።

ምሽጉ የወደቀው ደረጃ በደረጃ ነው። የፈረንሳይ ወታደሮች ጉድባው ውስጥ ሲገቡ መሰላላቸው አጠረ፤ በጩቤ ኖራውን እየወጉ ወጡ፣ ከፊተኛው ትልቅ ግንብ ሥር ቆፍረው በእንጨት ደገፉ፣ እንጨቱን ሲያቃጥሉት ግንቡ ተናደ። ወደ መካከለኛው ግቢ የገቡት ጆን በቅጥሩ ላይ ባስጠጋው አዲስ ሕንፃ መስኮት ነው፤ ይህ ሕንፃ በሪቻርድ ንድፍ ውስጥ አልነበረም። የመጨረሻው ስሕተት ግን የሪቻርድ ራሱ ነበር፤ በውስጠኛው በር ፊት ከዐለቱ ሳይቆረጥ የተተወ ድልድይ ለቆፋሪዎቹ መጠለያ ሆነ። ከሥር ተቆፍሮ ከላይ በድንጋይ ሲደበደብ ጎባጣው ቅጥር ተከፈተ። ማርች 6 ቀን 1204 የቀሩት ተያዙ፤ ወደ ዋናው ግንብ ለመግባት እንኳ ጊዜ አላገኙም። ሩዋን ጁን 24 ቀን እጅ ሰጠች።

ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ ግን በአብዛኛው የከበባው አይደለም። ፊሊፕ የተናደውን አስጠግኖት ነበር። ግድግዳው ላይ የተጠረበው ድንጋይ ተልጦ ውስጡ የታጨቀው ጠጠርና ኖራ የሚታይበት ቦታ ሁሉ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ በ1599 እንዲፈርስ ካዘዘ በኋላ ለሌላ ግንባታ የተወሰደበት ነው፤ ከወሳጆቹ መካከል የአካባቢው መነኮሳት ነበሩበት።