የቤት ሰርቨሬ ኢንተርኔት የሚያጣበት ምክንያት ተገኘ

ባለፈው ስለ ቤት ሰርቨሬ ስጽፍላችሁ አንድ ያልተፈታ ጉዳይ ነበር። ሰርቨሩ አልፎ አልፎ ኢንተርኔት ይጠፋበታል። ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ በላፕቶፕ ፎቶ ይከፈታል፣ ፋይል ይገለበጣል፣ የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ገጽም ይመጣል። ወደ ውጭ ግን ምንም የለም። ባክአፑ አይሄድም። አፕዴት አይወርድም። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ የቤተሰቡን ፎቶ ልትጭን ስትል መግባት ያቅታታል። በዚያው ሰዓት የቤቱ ስልኮች ሁሉ ዩቲዩብ ያያሉ። አሁን ምክንያቱ ስለተገኘ ነገሩን ከነዝርዝሩ ላካፍላችሁ። አሮጌ ኮምፒውተር ሰርቨር አድርጋችሁ የምትጠቀሙ ብዙ ስለሆናችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ለማታውቁት፣ ማሽኑ የቢሮ ዴስክቶፕ የነበረ ነው። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስኮች አሉት። አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። ዴቢያን 12 በሚባለው ሊኑክስ ላይ ኦፕንሚዲያቮልት የሚባል የፋይል ሰርቨር ሶፍትዌር ተጭኖበታል። እህቴ ከውጭ የምትገባው ዋየርጋርድ በሚባል ቪፒኤን ነው። ሰርቨሩ ከቤት ተነስቶ ወደ አንድ የተከራየሁት ሰርቨር መሿለኪያ ይከፍታል፣ እሷም በዚያ በኩል ትመጣለች። ሌላው መጠቀስ ያለበት ነገር አንባውንድ ነው። የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር የሚለውጠውን ሥራ (ዲኤንኤስ ይባላል) ሰርቨሩ ለራሱ እንዲሠራ አንባውንድ የሚባል ፕሮግራም ጭኜለታለሁ። ሐሳቤ ቆይቶ መላ ቤቱን በሱ ለማስኬድ ነው። እስካሁን ግን የሚጠቀምበት ሰርቨሩ ብቻ ነው፤ ስልኮቹና ላፕቶፑ የራውተሩን ይጠቀማሉ።

እንዲህ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚሄድ ችግር ቁጭ ብላችሁ ስትጠብቁት አይመጣም። ስለዚህ ሰርቨሩ ራሱ እንዲመዘግብ አደረግሁ። በየደቂቃው ሦስት ነገር የሚሞክር ትንሽ ስክሪፕት ነው። መጀመሪያ ራውተሩን ፒንግ ያደርጋል፤ አለህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል ማለት ነው። ቀጥሎ የጉግልን የዲኤንኤስ ሰርቨር በቁጥሩ፣ 8.8.8.8ን፣ ፒንግ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ አንድ ድረ ገጽ በስሙ ይጠራል። የሦስቱን ውጤት ከነሰዓቱ በአንድ መስመር ይጽፋል። ራውተሩ ካልመለሰ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ኬብል፣ ፖርት ወይም የአይፒ ግጭት (ሁለት መሣሪያዎች አንድ አድራሻ ሲይዙ)። ራውተሩ መልሶ ቁጥሩ ዝም ካለ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልተገኘ ደግሞ ዲኤንኤስ ጋ እንሄዳለን።

ኬብሉን ቀየርኩ፣ የራውተሩን ፖርት ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። የኔትወርክ ካርዱን ኃይል ቆጣቢ ቅንብር አጠፋሁት፣ ለውጥ የለም። የአይፒ ግጭትም አለመኖሩን አርፒንግ በሚባል መሣሪያ አየሁ። ግጭት በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ሰርቨሩ ቋሚ አድራሻ ይዞ፣ ያው አድራሻ ራውተሩ ለእንግዳ ስልክ ከሚያድለው ክልል ውስጥ ሲሆን፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ይንገዳገዳል። የኔ አድራሻ ግን ከክልሉ ውጭ ነበር።

ችግሩ እንደገና ሲመጣ ሎጉን ከፈትኩ። ራውተሩ ይመልሳል። 8.8.8.8ም ይመልሳል። ስሙ ግን አልተገኘም። ነገሩ ዲኤንኤስ ነው ማለት ነው። አንባውንድን ወደ ጎን አድርጌ ሰርቨሩን ለጊዜው 8.8.8.8 እንዲጠይቅ ነገርኩት። ወዲያው ሠራ። አንባውንድን መለስኩት። አሁንም ሠራ! ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግሁት፣ ሠራ። ደጋግሜ ሪስታርት አደረግሁት፣ አንዴም አልጠፋም። አንባውንድ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ስመልሰው ለምን ይሠራል?

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን የዋየርጋርዱ ነገር ነው። መሿለኪያው የሚሄደው በቁጥር ነው። የተከራየሁት ሰርቨር አድራሻ በአይፒ ስለተጻፈ ስም መጠየቅ አያስፈልገውም። ዲኤንኤስ ሙሉ በሙሉ ቢሞት እንኳ መሿለኪያው መሥራቱን መቀጠል አለበት። እሱም ግን አብሮ ይሞታል። ከተከራየሁት ሰርቨር ላይ ሆኜ ፓኬቶቹን ስመለከት ከቤት የሚመጣው ሰላምታ በየጊዜው ይደርሳል፤ መልስ ግን አይሰጠውም። የስህተት መልእክት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ዝም ነው። ዲኤንኤስንም ዋየርጋርድንም እኩል የሚመታ ነገር መኖር አለበት።

ሎጉን እንደገና ዘርግቼ ሳነበው ዓይኔ የግራው ዓምድ ላይ አረፈ። ስመለከት የነበረው የቀኙን ነው፤ ሠራ፣ አልሠራም የሚለውን። ግራው ቀንና ሰዓት ነው። ችግሩ ከመምጣቱ በፊት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ከመጥፋቱ በፊት ያለው የመጨረሻ መስመር 2025 ይላል። ከሱ ቀጥሎ ያለው መስመር 2023 ይላል። ከዚያ በኋላ ያሉት መስመሮች ሁሉ በየደቂቃው በ2023 ይቀጥላሉ፤ ራውተር አለ፣ ቁጥር አለ፣ ስም የለም። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ማሽኑ የሚጽፈው እንደዚያ ነው።)

የማስነሻ ሎጉም ይህንኑ ይናገራል። ሊኑክስ ላይ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስነሳው ሲስተምዲ ገና ሲነሳ «ሰዓቱ እኔ ከተሠራሁበት ጊዜ በፊት ነው፣ ወደፊት እየገፋሁት ነው» የሚል መስመር ይጽፋል። ማዘርቦርዱ ለካ ከዚያም የራቀ ዓመት ነበር የሰጠው። ሲስተምዲ የሚችለውን ያህል ወደፊት አምጥቶት ነው 2023 ላይ የቆመው። ሰርቨሩ ኢንተርኔት ሳይሆን ሰዓት ነው የጠፋበት።

ለማረጋገጥ ችግሩ እያለ ከርል በሚባለው የትእዛዝ መሣሪያ ክላውድፍሌር የሚባለው ድርጅት ወዳለው 1.1.1.1 በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ሄድኩ። በቁጥር ስለሆነ ዲኤንኤስ አይነካውም። መልሱ ሰርተፊኬቱ (የገጹ ማንነት ማረጋገጫ) ገና መሥራት አልጀመረም የሚል ነበር። በ2023 ላለ ማሽን በ2025 የወጣ ሰርተፊኬት የወደፊት ነገር ነው።

አሁን ሁሉም ይያያዛል። አንባውንድ ስምን ወደ ቁጥር ሲለውጥ መልሱ እውነተኛ መሆኑን በፊርማ ያጣራል። ዲኤንኤስሴክ የሚባለው ይህ ነው። የዲኤንኤስ ሥር በዚህ መንገድ ተፈርሞ ሥራ የጀመረው በ2010 ነው። እያንዳንዱ ፊርማ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ገደብ አለው። ሰዓቱ ከገደቡ ውጭ ሲሆን አንባውንድ ፊርማውን አይቀበልም። ሥሩን ካልተቀበለ ደግሞ ከሥሩ በታች ያለውን ሁሉ አይቀበልም። ሰዓቱን የሚያስተካክለው ክሮኒ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ክሮኒ የሰዓት ሰርቨሮቹን የሚያገኛቸው በስም ነው። ስሙን የሚጠይቀው አንባውንድን ነው። አንባውንድ ሰዓት ካልተስተካከለ ስም አይሰጥም፤ ክሮኒ ስም ካላገኘ ሰዓት አያስተካክልም። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

8.8.8.8 ሲገባ ወዲያው የሠራውም ለዚህ ነው። ክሮኒ በዚያች ቅጽበት ስሙን አገኘ፣ ሰዓቱን አስተካከለ። ከዚያ በኋላ አንባውንድ ቢመለስም ሰዓቱ ትክክል ስለሆነ ምንም ችግር የለበትም። ክሮኒ የተስተካከለውን ሰዓት ወደ ማዘርቦርዱም ይጽፋል። ስለዚህ ሪስታርት ሲደረግ ችግሩ አይታይም።

ዋየርጋርድም የራሱ ምክንያት አለው። ግንኙነት ሲጀምር በሚልከው ሰላምታ ውስጥ የጊዜ ማህተም አለ። ተቀባዩ ከዚያ ወገን የደረሰውን የመጨረሻ ማህተም ያስታውሳል። ከሱ የቆየ ማህተም ያለው ሰላምታ ሲመጣ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ጥበቃ ነው፤ አንድ ሰው የድሮ ፓኬት ቀድቶ መልሶ እንዳይልክ ይከላከላል። ትናንት በ2025 ሰላም ያለ ማሽን ዛሬ በ2023 ሰላም ሲል መልስ አያገኝም። ይህ አሠራር እጅግ አስደስቶኛል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር።

የቀረው ጥያቄ ለምን አልፎ አልፎ ብቻ የሚለው ነው። መልሱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ናት፤ ሲአር 2032። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ኃይል ሲያጣ ሰዓቱን የምታስኬደው እሷ ናት። ሶኬቱ ኃይል እስካለው ድረስ ግን ኮምፒውተሩ ቢጠፋ እንኳ ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ ትንሽ ኃይል ይሰጣል፣ ሰዓቱም ይሄዳል። መብራት ለአጭር ጊዜ ሲጠፋ ዩፒኤሱ (የመጠባበቂያ ባትሪው ሳጥን) ይሸከመዋል። ረጅም ሰዓት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ያልቃል፣ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ይጨልማል፣ ባትሪዋ ሞታለችና ሰዓቱ ይጠፋል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። ብዙ ማሽኖች ባትሪያቸው ሲሞት ስክሪን ላይ ኤፍ 1 ተጫን ብለው ይቆማሉ። የኔው ግን ቅንብሮቹን በፍላሽ ስለሚያስቀምጥ መብራት ሲመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነስቶ ይሠራል። ምልክት የሌለው ለዚህ ነው።

ሙከራው ቀላል ነበር። ሰርቨሩን በደንብ ዘጋሁት፣ ገመዱን ከዩፒኤሱ ነቀልኩ፣ ትንሽ ቆይቼ መለስኩት። ችግሩ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። በፈለግሁት ሰዓት ማምጣት ስችል ግማሹ መፍትሔ በእጄ ገባ።

ባትሪዋን በቴስተር ስለካት 2.1 ቮልት ብቻ አላት። አዲስ ስትሆን ከ3 ቮልት በላይ ነው የምታሳየው። ፒያሳ ያሉ አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ ሄድኩ። አሮጌዋን አገላብጠው አይተው «የመኪና ቁልፍ ነው?» አሉኝ። የኮምፒውተር ናት አልኳቸው። «አንድ ናቸው» ብለው ከማሸጊያው አዲስ አወጡልኝ። እዚያው በራሳቸው ቴስተር አስለካኋቸው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየ ባትሪ ያጋጥማል።

ባትሪ ደግሞ አንድ ቀን እንደገና ስለሚሞት በሱ ብቻ አላቆምኩም። ለክሮኒ በስም ከሚያገኛቸው በተጨማሪ የክላውድፍሌርን የሰዓት ሰርቨሮች በቁጥር ሰጠሁት፤ 162.159.200.1 እና 162.159.200.123። ስም ባይገኝም ሰዓት ይገኛል ማለት ነው። ከዚያ አሮጌዋን ባትሪ መልሼ ገመዱን ነቅዬ ሞከርኩ። ማሽኑ በ2023 ተነሳ፣ ብዙም ሳይቆይ ራሱን አስተካከለ፣ አንባውንድም መሿለኪያውም ሠሩ። አዲሷን ያስገባሁት ይህን ካየሁ በኋላ ነው። የሎግ ስክሪፕቱንም አሻሻልኩት። ከቀኑ ጎን ማሽኑ ከተነሳ ስንት ሰከንድ እንደሆነው ይጽፋል። ይህ ቁጥር በሰዓቱ መዛባት አይነካም።

ከኢንተርኔቱ በላይ ሊያሳስባችሁ የሚገባው ፋይሎቹ ናቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቤት የተጫኑ ሰነዶች ከፊሎቹ የ2023 ቀን ይዘው ተገኝተዋል። ስናፕሾቶቹም (ፋይሎቹ በአንድ ጊዜ የነበሩበትን ሁኔታ የሚይዙ ቅጂዎች) እንዲሁ። የቆዩ ስናፕሾቶችን የሚያጠፋ ስክሪፕት ካላችሁ፣ ሰዓቱ ሲስተካከል አዲሱን ስናፕሾት እንደ አሮጌ ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። እኔ ማጥፊያውን ለጊዜው አቁሜ አንድ በአንድ ስማቸውን አስተካከልኩ። ፎቶዎቹ የተነሱበትን ቀን ውስጣቸው ስለሚይዙ ከዚያ መመለስ ተችሏል። አሁን ባክአፑም ማጥፊያውም ክሮኒ ሰዓቱ ተስተካክሏል ካላለ በስተቀር አይጀምሩም።

ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ለምትጠቀሙ ይህ ይበልጥ ይመለከታችኋል። እስከ ፓይ 4 ድረስ ያሉት ጭራሽ የራሳቸው የሰዓት ባትሪ የላቸውም። ፓይ 5 ሰዓቱ አለው፣ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል። በነሱ ላይ ፊርማ የሚያጣራ ዲኤንኤስ ከጫናችሁ ለሰዓት ፕሮግራማችሁ ቢያንስ አንድ አድራሻ በቁጥር ስጡት።

የሚቀጥለው ሥራ ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር ማገናኘት ነው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ እፈልጋለሁ። ኤንዩቲ የሚባለውን ፕሮግራም ጭኛለሁ፤ ዩፒኤሱን አይቶታል፣ የቀረውን መቶኛ ግን ገና በትክክል አያነብም። እዚህ ገበያ ከሚገኙት ዩፒኤሶች ከኤንዩቲ ጋር ያሠራችሁት ካለ ሞዴሉንና የተጠቀማችሁበትን ድራይቨር ጻፉልኝ።